ከላፕቶፑ የጠፋችው ብሎን

ይህ የደረሰብኝ ናይሮቢ በምንኖርበት ጊዜ ነው፤ የቲካ መንገድ ገና ሳይሰፋ። ልጄ ሐሴት ያኔ ዓመት አልፏት ድክ ድክ ማለት ጀምራ ነበር፤ ዛሬ ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የኖርንበት ሕንፃ ስም እንኳ ቶሎ አይመጣልኝም። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን አልረሳውም። የማልረሳው ልጄን ላጣ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ሞቷን በጉሮሮዋ ይዛ ሳለ፣ እኔ አቅፌያት በደስታ ወደ ቤቴ ልመለስ ተነሥቼ ስለነበረ ነው።

የምንኖረው ካሳራኒ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ባለቤቴ ታምራት ኢስሊ በሚባለው ሰፈር በአንድ የአገራችን ሰው ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚመለሰው። እኔ ሐሴት ከተወለደች ጀምሮ ቤት ተቀምጬ ትርጉም እሠራ ነበር። ጊጊሪ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የምትሠራ ሴት ስለ ጤና አጠባበቅ የሚያስተምሩ ጽሑፎች በኢሜይል ትልክልኛለች፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልስና ሳይበር ካፌ ሄጄ እልክላታለሁ።

የምሠራበት ላፕቶፕ ያረጀ ነበር። ትዕግሥት የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን እህት ላቪንግተን አንድ የፈረንጅ ቤት ትሠራ ነበር። አሠሪዎቿ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውላት፣ እሷ ደግሞ “እኔ ምን አደርግበታለሁ፣ ላንቺ ይሁንሽ” ብላ አመጣችልኝ። ክዳኑ በአንድ በኩል ተሰንጥቋል። መ የምጽፍበት ቁልፍ ጠበቅ አድርገው ካልተጫኑት አይሠራም። ቢሆንም እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የማየው።

ችግሩ መዝገሙ ነው። ፊደል እመታለሁ፣ ፊደሉ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ስደርስ ጭራሽ ደርቆ ይቀራል፤ ማራገቢያው ብቻ ከውስጥ ያጓራል። በዚያ ሰሞን የተላከልኝ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሥዕል የሞላበት መጽሔት ነበር፤ ሰኞ መድረስ አለበት። ሁለት ጊዜ የሠራሁት ጠፋብኝ። ሦስተኛ ሲጠፋብኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዓርብ ዕለት ሐሴትን አዝዬ፣ ላፕቶፑን ቦርሳዬ ውስጥ ከዳይፐሮቿ ሥር ሸሽጌ፣ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፈርኩና ከተማ ወረድኩ። የገባሁበት ሱቅ ባለቤት ረጋ ያሉ ሕንዳዊ ሽማግሌ ነበሩ። ላፕቶፑን ከፈት፣ ገልበጥ አደረጉት።

“ዕድሜው ገፍቷል፤ ግን አልሞተም” አሉኝ። “ሜሞሪው ነው ያነሰው። ከተጨመረለት ገና ይሮጣል።” የሚገጥመው ሠራተኛ ግን ዛሬ የለም፤ ላፕቶፑን ትቼ ሰኞ ከሰዓት እንድመለስ ነገሩኝ።

ትቼው መሄድ አልሆነልኝም። ሥራዬ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ ከመደርደሪያ ሥር የተበላሸ አሮጌ ላፕቶፕ አውጥተው አሳዩኝ። ከጀርባው ትንሽ ክዳን አለች፤ በብሎኖች ተይዛለች። ክዳኗ ስትነሣ ሜሞሪው የሚገባበት ቦታ ይታያል። ሰያፍ አድርጎ ማስገባት፣ ከዚያ ቀጭ እስኪል ወደ ታች መጫን ነው።

“መጀመሪያ ባትሪውን አውጪ። የሰውነትሽ ኤሌክትሪክ እንዳያቃጥለው እጅሽን ብረት አስነኪ። ደግሞ አታስገድጂው” አሉኝ።

አዲሱን ሜሞሪ በሚያብረቀርቅ ከረጢት አድርገው ሰጡኝ። ጣቴን የምታህል ቀጭን አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። እንዳትሰበርብኝ እየፈራሁ ቤት እስክደርስ ከእጄ አልለየኋትም።

ማታ ለታምራት ስነግረው ደስ አላለውም። “ብታበላሺውስ? ሥራው ቢጠፋብሽስ?” አለኝ። “እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የሚያውቅ ሰው እንፈልግ።”

እኔ ግን እሑድን መጠበቅ አልቻልኩም። እሑድ የሚያውቅ ሰው ባይገኝ ሰኞ ጊጊሪ ላለችው ሴት ምን ብዬ እደውላለሁ?

ቅዳሜ ሐሴት ከጠዋት ጀምራ ስትነጫነጭ ዋለች። አጥሚቷን ገፋችው። ወተትም አልፈለገችም። ለሃጯ ከአገጯ አልፎ ደረቷን አረጠበው፤ ልብሷን ደጋግሜ ቀየርኩላት። የመንጋጋ ጥርስ እያወጣች ስለነበር ጥርሷ ነው አልኩ። ጠዋት በግድ ያቀመስኳትንም አንዴ አስመልሷት ነበር፤ እሱንም ጥርሷ ነው አልኩ። ከምሳ በኋላ እንደምንም አባብዬ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ አስተኛኋት።

ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ነጭ ፎጣ አነጠፍኩና ላፕቶፑን ገለበጥኩት። ባትሪውን አወጣሁ። ተነሥቼ የውኃ ቧንቧውን በእጄ ነካሁ። ከታምራት ሣጥን ያገኘኋትን ትንሽ ካቻቢቴ ይዤ ብሎኖቹን ፈታሁ። አራት ናቸው፤ ጥቁር፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ። እንዳይጠፉብኝ በጠርሙስ ቆርኪ ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

ክዳኗን ቀስ ብዬ አነሣሁ። አሮጌው ሜሞሪ አቧራ ለብሶ ተኝቷል፤ ከጎኑ ባዶ ቦታ አለ። አዲሱን ሰያፍ አድርጌ አስገባሁና ተጫንኩት። በአንድ ወገን ብቻ ቀጭ አለ። ሌላው ወገን እምቢ አለ። አታስገድጂው ያሉኝ ትዝ ብሎኝ አወጣሁት። ወርቃማ ጥርሶቹን በትንፋሼ እፍ አልኩባቸውና እንደገና ሞከርኩ። ላቤ ወርዶ እዚያ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በክንዴ እየጠረግሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ተጫንኩት። በሁለቱም ወገን ቀጭ አለ።

ተመስገን ብዬ ቀና ስል ሐሴት አጠገቤ ተቀምጣለች። መቼ ተነሥታ እንደመጣች አልሰማሁም። ቆርኪው ተገልብጧል። እጇ ላይ አንድ ብሎን ይዛለች።

ቀስ ብዬ ከእጇ ወሰድኩት። ምንጣፉ ላይ ሁለት አገኘሁ። አራተኛዋ የለችም። ሐሴት አፏን ገጥማ ታየኛለች። ከዚያ ሳል ያዛት።

ጣቴን አፏ ውስጥ ከተትኩ። ምንም የለም። አቅለሸለሻትና ለሃጭ ብቻ ወጣ። ፎጣውን አራገፍኩ፣ ምንጣፉን ገለበጥኩ፣ ላፕቶፑን አንሥቼ ሶፋው ላይ ወረወርኩት፤ እንደዚያ የምሳሳለትን ዕቃ። በጉልበቴ እየዳህኩ ከሶፋው ሥር በእጄ ዳበስኩ። አቧራ ብቻ።

በሩን ከፍቼ ማማ ንጄሪን ጠራሁ። ማማ ንጄሪ ከፊት ለፊታችን የምትኖር፣ አራት ልጆች ያሳደገች ኬንያዊት ናት። እጇ ላይ የልብስ ሳሙና አረፋ እንዳለ ሮጣ መጣች። እሷም ተንበርክካ ፈለገች። ስታጣ ከቤቷ ሙዝ ይዛ ተመለሰች።

“ይህን አብያት፤ ሙዝ ይዞት ይወርዳል” አለችኝ።

ሐሴት ሙዙ ገና ከንፈሯን ሲነካት ፊቷን አዞረች። ማማ ንጄሪ “ደንግጣ ነው” አለች። እኔም ደንግጣ ነው አልኩ።

ለታምራት ደወልኩ። “ሐሴት ብሎን ዋጠች” አልኩት።

“የምን ብሎን?”

“የላፕቶፑ።”

አልነገርኩሽም ወይ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። “ሆስፒታል ውሰጃት። አሁኑኑ ውጪ፣ እኔም እመጣለሁ” አለኝ።

ማማ ንጄሪ ቦርሳዬን ይዛልኝ አብራኝ ወደ መንገድ ወረደች። የመጣውን ማታቱ አስቆማ ለረዳቱ በስዋሂሊ ነገረችው። ረዳቱ ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ ሲናገር፣ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰውዬ ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ሾፌሩ ዞር ብሎ ሐሴትን አያትና እያንባረቀ የነበረውን ሙዚቃ አጠፋው። “ፖሌ፣ ማማ” አለኝ፤ አይዞሽ እንደማለት ነው።

መንገዱ ቅዳሜም ቢሆን ተዘጋግቶ ነበር። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ያቺ ብሎን አንጀቷን ስትወጋት ይታየኛል። ሐሴት ደረቴ ላይ ተለጥፋ ለሃጯን ትለቃለች። አታለቅስም። ማልቀሷን ስጠላ የኖርኩ ሰው፣ ምነው ባለቀሰች እያልኩ ሄድኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ አወረዱኝ። ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ነርስ ደረቷን አዳምጣ፣ ከንፈሯንና ጥፍሯን አየች። “ትንፋሿ ደህና ነው” አለችኝ። “ትንንሽ ብሎን ብዙ ጊዜ በራሱ ይወጣል። ግን የት እንዳለ በራጅ እንይ። እዚያ ተራ ያዢ።” ከዚያ መለስ ብላ፣ “ተመሳሳዩ ቤት ካለ አስመጪ። መጠኑን ብናይ ጥሩ ነው” አለች።

ለታምራት እንደገና ደወልኩ። ከኢስሊ ወጥቶ መንገድ ላይ ነበር። “መጀመሪያ ቤት ድረስና ከቀሩት ብሎኖች አንዷን ይዘህ ና” አልኩት።

ከራጅ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው ረጅም አግዳሚ ሞልቶ ነበር። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ፖሊስ መሆኗን ያየሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። የደንብ ሹራቧን ለብሳለች፤ አርባ ዓመት ይሆናታል። ግራ እጇን በስካርፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፤ አንጓዋ አብጧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚያን ጊዜ የእኔም የታምራትም የስደተኛ ወረቀት ጊዜው አልፎ አዲሱን እየጠበቅን ነበር። መንገድ ላይ ፖሊስ ስናይ ወደ ማዶ መሻገር ልማዳችን ነበር። ታምራት ሲያመሽ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የመኪና አደጋ ሳይሆን ይህ ነበር። አሁን ፖሊስ ከጎኔ፣ ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካ ተቀምጣለች። ተነሥቼ ሌላ ቦታ እንዳልሄድ ሌላ ቦታ የለም።

“ልጅሽ ምን ሆና ነው?” አለችኝ በእንግሊዝኛ።

“ብሎን ዋጠች።”

“የምን ብሎን?”

“የላፕቶፕ። ሜሞሪ ስገጥምለት።”

ራሷን ነቀነቀች። “ከየት ናችሁ?”

“ከኢትዮጵያ።”

“የት ነው የምትኖሩት?”

“ካሳራኒ” አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

“ካሳራኒ የት አካባቢ?”

ያልሰማሁ መስዬ የሐሴትን አፍ መጥረግ ጀመርኩ። ፖሊሷ ደግማ አልጠየቀችም። ዓይኗ ግን ከእኛ ላይ አልተነሣም። በዓይኔ ዳር አያታለሁ፤ ታየናለች። ለሐሴት የጡጦ ወተት አወጣሁና ሞከርኩ። አንዴ ሳበችው። ወተቱ በአፏ ጥግ ተመልሶ ወጣ። ጠረግሁላት። ፖሊሷ ይህንንም አየች። ወረቀት አሳዪኝ ልትለኝ ነው፣ ጊዜ እየጠበቀች ነው አልኩ በሆዴ። ያን ጊዜ ሁለት ፍርሃት ነበረብኝ፤ የቱ እንደሚበልጥ ለመናገር ይከብደኛል።

ተራው አይንቀሳቀስም። ወለሉ የዲቶል ሽታ አለው። አንድ ሕፃን ያለማቋረጥ ይጮሃል።

ስልኬ ጮኸ። ታምራት ነው።

“አገኘኋት” አለኝ።

“ምኗን?”

“ብሎኗን። ላፕቶፑን ከሶፋው ላይ ሳነሣው ከሥሩ ተለጥፋ አገኘኋት። የድምፅ ማጉያው ማግኔት ይዟት ነው። አራቱም እጄ ላይ ናቸው። አልዋጠችም። በቃ፣ ይዘሻት ነይ።”

እንደዚያ ያለ እፎይታ ከዚያ በፊት አላውቅም። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣ መሰለኝ። ሰው ሁሉ እስኪያየኝ ሳቅሁ። ሐሴትን ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ እርጥብ አገጯን ሳምኳት። ከዚያ ሳላስበው “ላፕቶፑስ ደህና ነው?” አልኩት። “ደህና ነው” አለኝ እየሳቀ።

ሁሉ ነገር በአንዴ ቀለለ። ራጅ የለም። ፖሊስ የለም። ሰኞም ሥራው ይደርሳል። ሐሴትን አቅፌ፣ ቦርሳዬን አንሥቼ ተነሣሁ።

“ወዴት ነው?” አለችኝ ፖሊሷ።

“ብሎኑ ቤት ተገኘ። አልዋጠችም።”

“ጥሩ” አለች። ከዚያ በጤነኛ እጇ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። “ብሎኑ ከተገኘ፣ ለምንድን ነው ምራቋን የማትውጠው?”

“ጥርስ እያወጣች ነው” አልኩ።

“የእኔም ልጆች ጥርስ አውጥተዋል። ለሃጭ ይዝረበረባል፤ ግን በመሃሉ ይውጣሉ። ይህቺ እዚህ ከተቀመጣችሁ ጀምሮ አንድ ጊዜ አልዋጠችም። ወተቱንም መለሰችው። ሰው ማየት ሥራዬ ነው። ሳያት ነበር።”

“ቤት ሄደን ካልተሻላት እንመለሳለን።”

“ቁጭ በይ” አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። አምኛት አይደለም፤ ፈርቻት ነው። እምቢ ብዬ ብወጣ ትከተለኛለች፣ በር ላይ ወረቀት ትጠይቀኛለች ብዬ ነው። ታምራት መልሶ ሲደውል አላነሣሁም። ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ፖሊስ ይዛኛለች ልበለው?

ጥቂት ቆይቶ የራጅ ባለሙያው በሩን ከፍቶ ስም ጠራ። ፖሊሷ ተነሣች፤ ተራው የእሷ ነበር። ወደ ባለሙያው ጠጋ ብላ በስዋሂሊ ተናገረች፤ ከተናገረችው “ምቶቶ” የሚለውን ብቻ ያዝኩ፤ ሕፃን ማለት ነው። ባለሙያው ተራ የያዘውን ሕዝብ አየና እጁን ዘረጋልኝ። እሷ ያበጠ እጇን አቅፋ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሐሴትን ቀጥ አድርጌ ያዝኩለት። ፎቶው ተነሣ። ባለሙያው ፊልሙን አውጥቶ አየና “አንገቷ ላይ ሐብል ወይም ቁልፍ አለ?” አለኝ።

“የለም።”

እንደገና አየው። ከዚያ ምንም ሳይነግረኝ በፈጣን እርምጃ ወጣ። በሩን አልዘጋውም። ሐሴትን ደረቴ ላይ አጣብቄ በሩን በሩን አየሁ።

ይዞ የተመለሰው አንዲት ሐኪም ነው። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቀለችው። የልጄ ትንንሽ የጎድን አጥንቶች ይታያሉ። ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ ልክ ከደረቷ መግቢያ ላይ፣ ጥርት ያለ ነጭ ክብ ነገር አለ።

“ሳንቲም ነው?” አልኩ።

ሐኪሟ ጠጋ ብላ ዳሩን አየች። “ሳንቲም ቢሆን ደስ ባለኝ። ሳንቲም ዳሩ አንድ ነው። ይህ ክብ ውስጥ ሌላ ክብ አለው። ባትሪ ነው።”

ባትሪ ስትል ከላፕቶፑ ያወጣሁት ባትሪ ታየኝና ምንም ሊገባኝ አልቻለም። እሱ ክንድ ያህላል። ሐኪሟ በጣቶቿ አሳየችኝ፤ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሰዓት ባትሪ ግን ሰፋ ያለ። “ጉሮሮ ላይ ሲቀር ሥጋውን ያቃጥላል። አሁኑኑ መውጣት አለበት። መቼ ነው የዋጠችው?”

“አላውቅም” አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች “አላውቅም” የከበደችኝ ቃል የለችም። ከዚያ አጥሚቷን የገፋችው ጠዋት መሆኑ ትዝ አለኝ።

እስክፈርምላቸው ድረስ እንኳ አልጠበቁኝም፤ ሐሴትን ከእጄ ተቀብለው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሄዱ። ሲወስዷት በነርሷ ትከሻ ላይ አሻግራ ታየኛለች።

ለታምራት ደወልኩ። “ቤት ውስጥ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ያለበት ነገር ፈልግ” አልኩት።

“ምን ሆነሻል? አልመጣሽም እንዴ?”

“ፈልግ ብቻ።”

በስልኩ ውስጥ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። የሕንፃችን ደረጃ መብራት ስለሌለው፣ ታምራት ቁልፉ ላይ አውራ ጣት የምታህል መብራት ያንጠለጥላል። “ክዳኗ ተላቋል” አለኝ። “ሁለት ባትሪ ነበራት። አንድ ነው ያለው።” ድምፁ ተለወጠ። “ጠዋት ሸሚዜን እስክለብስ እንዳታለቅስ ቁልፉን ሰጥቻት ነበር።”

“ና” አልኩትና ዘጋሁት።

ፖሊሷ እጇን ራጅ ተነሥታ ስትወጣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ምን እንደተገኘ ባለሙያው ነግሯታል መሰለኝ፣ አልጠየቀችኝም። ወደ አግዳሚው መራችኝ። የሐሴትን ለሃጭ የጠረግሁባቸው ጨርቆች በእጄ ጨብጫቸው ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታ ወሰደቻቸውና ቦርሳዬ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ ከጎኔ ተቀመጠች። መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም። ስጸልይ በአማርኛ ነበር፤ እሷም በራሷ ቋንቋ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋት።

ታምራት ላቡ ሸሚዙን አጣብቆት እየሮጠ ደረሰ። ከጎኔ ያለችውን ሲያይ ባለበት ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን ለአንድ አፍታ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ አየሁት። ሳትጠይቀው እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ያን ጊዜው ያለፈበትን ወረቀት አወጣና ዘረጋላት።

ፖሊሷ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች።

“ዌካ” አለችው፤ አስቀምጠው ማለቷ ነው። “እኔም ሕመምተኛ ነኝ። ና፣ ከሚስትህ ጋር ተቀመጥ።”

ታምራት ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሐኪሟ ስትወጣ፣ የእግሯን ድምፅ እንደሰማሁ ቀና ብዬ ፊቷ ላይ መልስ ፈለግሁ። “ወጥቷል” አለችን። በፋሻ የተጠቀለለውን ባትሪ አሳየችን። አንድ ገጹ ጠቁሯል። ጉሮሮዋ ቆስሏል፣ ግን አልተበሳም፤ ለጥቂት ቀን በአፍንጫዋ በሚገባ ቱቦ ትመገባለች። “ዛሬ ማምጣታችሁ ነው ያዳናት። ነገ ቢሆን ይህን አልነግራችሁም ነበር” አለች።

ፖሊሷ ይህን ከሰማች በኋላ ነው የተነሣችው። ባልደረባዋ ውጭ በመኪና እየጠበቃት ነበር። ጨበጠችን። ስሟን ነግራኝ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ስም የሚይዝ ጭንቅላት አልነበረኝም። ኋላ ሐሴት ስትድን፣ ካሳራኒም ፓንጋኒም የፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ የሚገቡትን የሚወጡትን ሴቶች አይቻለሁ፤ በጎዳናቸው እንኳ ማለፍ የማልወደው ሰው። አላገኘኋትም። ጠይቁልኝ ለማለትም ስም አልነበረኝም።

ላፕቶፑን ታምራት ብሎኖቹን አስሮ አመጣልኝ። ጊጊሪ ያለችው ሴት የሆነውን ስነግራት ጊዜ ሰጠችኝ። ሐሴት አልጋ ጎን ተቀምጬ ከፈትኩት። አዲሱን ሜሞሪ ተቀብሏል። ሥዕል ያለባቸው ገጾች ምንም ሳይንቀራፈፉ ተከፈቱ። ስንት የተጨነቅሁለት ነገር ነበር፤ ሲሠራ ግን ደስታም ቅሬታም አልተሰማኝም። ሥራዬን ጨርሼ ዘጋሁትና ሐሴት ስትተኛ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል ማየቴን ቀጠልኩ። ቱቦው ወጥቶላት የመጀመሪያውን ማንኪያ ውኃ ስትውጥ እኔም አብሬያት ዋጥኩ።

ሐሴት ምንም አታስታውስም። ታሪኩን ስነግራት “እማዬ፣ ያን ሁሉ ለላፕቶፕ?” ብላ ትስቃለች። ምግብ ላይ ስትቻኮል ቀስ በይ እላታለሁ፤ ለምን እንደምላት አሁን ታውቃለች።

እኔ ግን ዛሬ ሳስበው የሚያስፈራኝ ባትሪው አይደለም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሳቅሁት ሳቅ ነው። ያን ያህል ተደስቼ አላውቅም፤ ልጄ በዚያች ደቂቃ ጉሮሮዋ እየተቃጠለ ነበር። ብሎኗ ባትጠፋ ከቤት አልወጣም ነበር፤ ያቺ ሴት ባትይዘኝ ደግሞ ወደ ቤት እመለስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ደውሎ “ተገኘ፣ በቃ፣ ደህና ነው” ሲለኝ እፎይ እላለሁ። ወዲያው ግን አልነሣም። ትንሽ ቁጭ እላለሁ።